ሊሠራቷል ያደገበት ቤት

የምኖርበትን ከተማ ስም አልነግራችሁም። ስሙን ብነግራችሁ ወንዙን ትጠይቁኛላችሁ፣ ወንዙን ብነግራችሁ ሹሞቹን ትጠይቁኛላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ እኔ ሥራ ፈላጊ ሆኜ ደጃችሁን አንኳኳለሁ። ስለዚህ ይቅር። የቃላት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ደመወዙ ያን ያህል አይደለም፤ ሥራው ግን ከቤት ቤት ስለሚያዞር ለምሳ ተቸግሬ አላውቅም።

በእኛ አገር አዲስ ቃል ዝም ብሎ ከሰው አፍ አይወጣም። መጀመሪያ በቃል መሥሪያ ቤት ይሠራል። እዚያ ያሉት መምህር ጥላዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃል እንዴት እንደሚወለድ። የክፍላቸው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው አንዳንድ የቃል ሥር ተቀምጧል። አንዱን ሳብ ያደርጉና፣ «ይኸውልህ፣ የሰበረ ሥር። ውስጡን ብትነካካው ሰባሪ ይሆንልሃል፣ ስብራት ይሆንልሃል፣ ስብርባሪ ይሆንልሃል። ፊቱ ላይ ብትቀጥልበት መስበሪያ። ሁሉም ያንድ ቤት ልጆች ናቸው» ይሉኛል። ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ ደግሞ ሰው በመሳቢያ ሲያለቅስ ማየት ስለሚከብደኝ መስኮቱን አያለሁ።

ቃል ከመሥሪያ ቤት ስለወጣ ብቻ ግን ቃል ነው አይባልም። መቶ ቀን በሰው ቤት ያድጋል። ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያላቸው ቃል አሳዳጊዎች አሉ፤ ቃሉን በፖስታ ይቀበሉና ለቤተሰቡ አንዴ ያነቡለታል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቃሉ ማንም ማንንም አያስታውስም፣ አይለምንም። ቃሉ ኖረ የሚባለው ማንም ሳይጠይቅ ሦስት ጊዜ ከአፍ ሲወጣ ነው። አንዴ በሳቅ፣ አንዴ በንዴት፣ አንዴ በጭንቅ። ሰሚውም «ምን ማለት ነው?» ሳይል መግባባት አለበት። ሦስቱ ከሞሉ ይመዘገባል። አንዱ ከጎደለ ቃሉ ይቀበራል፤ የቃል መቃብርም አለን፣ ከቄራው ጀርባ፣ ደህና ሣር የበቀለበት ቦታ ነው። የእኔ ሥራ እየዞርኩ የተባለውን መጻፍ ነው።

ከአሳዳጊዎች ሁሉ ስሟ የተጠራው እትዬ ትርንጎ ነበረች። አሥራ አንድ ቃል አሳድጋ አሥራ አንዱም ኖረውላታል። ተሰነባብተው ሲያበቁ በአንድ መንገድ የሚሄዱ ሰዎችን እፍረት የምንጠራበት ድግምስንብት የሚለው ቃል የእሷ ልጅ ነው። «አልበላም፣ አልበላም» እያለ ወደ ትሪው የሚጠጋ ሰው እምቢቀረብ ይባላል፤ ይኸም የእሷው ነው። እምቢቀረብ በሳቅ የተባለው በእኔ ላይ ነው። በንዴት የተባለውም በእኔው ላይ ነው። በጭንቅ ሲባል ግን እንግዶች በዝተው ወጡ አልቆ ስለነበር ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም።

እትዬ ትርንጎን ሰው የሚያከብራት አንድም ቀን ቁጥር አጭበርብራ ስለማታውቅ ነው። ሌሎቹ አሳዳጊዎች ለቃላቸው ሲሉ ባላቸውን ቆንጥጠው ያናድዱታል። እሷ ግን በሰባተኛው ቃሏ ጊዜ ባሏ ጋሽ መንበሩ ሊያስደስታት ብሎ ሆን ብሎ ቃሉን ቢናገር፣ «ይኼ አይቆጠርም፣ ሰርዘው» አለችኝ። እሱ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ።

አሁን ወደ ድልድዩ ልምጣ። ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዙ ጠባብ ነው፤ ግን ገደል ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ክረምት ሲሞላ ድምፅ ይሻገራል፣ ሰው አይሻገርም። ድልድዩን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጎርፍ ወስዶታል። በሕጋችን ደግሞ ሹም ስለ አንድ ሥራ ሪፖርት ሲያቀርብ ከሁለት ቃል አንዱን መምረጥ አለበት፤ ተሠርቷል ወይም አልተሠራም። ተሠርቷል ያለ ሹም ሕዝቡን ወስዶ ሥራውን ያሳያል። አልተሠራም ያለ ሹም ኮቱን አውልቆ፣ አካፋ ይዞ፣ በዚያው ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ይወርዳል፤ ሥራው እስኪያልቅም ወንበሩ ላይ አይመለስም።

ከዚህ ሕግ የተነሣ ሪፖርት የሚባል ነገር ጠፋ። በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርቱን ዝናብ አበሰበሰው ተባለ። በሁለተኛው ዓመት አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ነበር። በሦስተኛው ቀለሙ አልደረቀም። በአራተኛው ደርቆ ስናየው ስላላማረ ተፍቆ እንደገና ተቀባ። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ዓመት ሞላን፤ አዳራሹ አሁን በጣም ያምራል።

በዘጠነኛው ዓመት ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር የሪፖርት ሁሉ የበላይ የሆኑት ሊቀ ሪፖርት ዘርጋው አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ወደ መምህር ጥላዬ ሄደው ሦስተኛ ቃል አዘዙ። መምህሩም ሠሩላቸው፤ ሊሠራቷል።

«እንዴት አድርገው ሠሩት?» ብዬ መምህር ጥላዬን ጠየቅኳቸው።

«ፊቱን ገና ካልሆነ ነገር ወሰድኩ፣ ኋላውን ካለቀ ነገር። ሊሠራ፣ ተሠርቷል። መሐል ላይ አልገጥም ሲለኝ ሆዱን አውጥቼ ጣልኩት።»

«ሆዱ ውስጥ ምን ነበረ?»

«ሥራው ነበራ» አሉና መሳቢያቸውን ዘጉ። በማግስቱ አሞኛል ብለው ቀሩ።

ሊቀ ሪፖርት ዘርጋው ፖስታውን ይዘው እትዬ ትርንጎ ቤት የሄዱት ራሳቸው ናቸው። እኔም መዝገቤን ታቅፌ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ሌላ አሳዳጊ ቢሰጡት ሕዝቡ «ተጭበረበረ» እንደሚል ያውቃሉ፤ ትርንጎ ኖረ ካለች ግን ማንም አፉን አይከፍትም።

እትዬ ትርንጎ ወረቀቱን አነበበች። ደግማ አነበበች። «ይኼ ቃል ከኖረ፣ ድልድዩ ሊሠራቷል ብላችሁ ሪፖርት ልታቀርቡበት ነው?» አለች።

«ቃሉ ብዙ ጥቅም አለው፣ እትዬ» አሉ ሊቀ ሪፖርት።

«ከዚያ በኋላ አካፋ የሚይዝ ሰው የለማ።»

«እርስዎ ያሳድጉት እንጂ። ትልቅ ሲሆን የት እንደሚቀጠር እኛ እናውቃለን።»

ነገሩ ለእሷ የወሬ ነገር አልነበረም። አንዲት ልጇ ብርቄ ያገባችው ወንዝ ማዶ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። እናቷ በምጧ ቀን አጠገቧ እንደምትሆን ቃል ገብታላታለች። ቃል አሳዳጊ ደግሞ መቶው ቀን ሳይሞላ ከቤቷ ውጭ ማደር አይፈቀድላትም። እትዬ ትርንጎ በጣቷ ቆጠረች፤ መቶው ቀን የሚያልቀው ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፣ ወንዙም የሚሞላው ከዚያ ወዲያ ነው። ይደርሳል።

ሊቀ ሪፖርት ከወጡ በኋላ፣ «ለምን ተቀበልሽው? አሞኛል አትዪም ነበር?» አልኳት።

«ሌላ ሰው ቤት ቢሄድ አዳብሮ ያሳድግላቸዋል። እኔ ቤት በራሱ ጊዜ ይሞታል» አለችኝ። «እስቲ አሁን የትኛው ጤነኛ ሰው ነው ይኼን የሚናገር?»

ጋሽ መንበሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። ቃሉን እየቀመሰው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንግዶች መጡ። እኔም በአጋጣሚ የምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ምሳው ቆየ። አንዱ እንግዳ ሆዱን እያሻሸ፣ «ጋሽ መንበሩ፣ ምሳው ደረሰ እንዴ?» ቢለው፣ ጋሽ መንበሩ ወደ ጓዳ ዘወር ብሎ ድስቱን አየና፣ «ሊደርሷል!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንግዶቹ አንዳቸውም «ምን ማለትህ ነው?» አላሉም፤ እንዲያውም አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ። እትዬ ትርንጎ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። እኔ አየኋት። ግሡ ቢለይም አሠራሩ ያው የሊሠራቷል ነውና፣ «በሳቅ፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ምሳ አልሰጠችኝም።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ በቤቱ ውስጥ እንደ ጎመን ዘር ተበተነ። የጋሽ መንበሩ ጣሪያ ከዓምና ጀምሮ ያፈሳል። ሚስቱ «ጠገንከው?» ስትለው ድሮ ሰበብ ይፈልግ ነበር፤ ወይ መሰላል የለም፣ ወይ ወገቡን ያመዋል። አሁን ሰውየው ዕረፍት አገኘ። በአርባኛው ቀን ግን ውሃው አልጋው ላይ ተንጠባጠበና ሚስቱ ጮኸችበት፤ እሱም ብድግ ብሎ፣ «ልጠግኜዋለሁ አልኩሽ እኮ! አንድ ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። በንዴት፣ ሁለት። ጎረቤቶቹም ያዙት። የተከራየውን ቤት ሊለቅ ያለ ሰው «ልለቅቄያለሁ» ማለት ጀመረ። አንዲት ልጃገረድ ለጠያቂዋ «ላስቤበታለሁ» ብትለው ምስኪኑ እሺ አለችኝ ብሎ ሽማግሌ ላከ።

እትዬ ትርንጎ ከሳች። «የምጠላውን ልጅ ጡት አጥብቼ አሳደግኩ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየከተፈች። «በጭንቅ የሚለው ግን ይቀረዋል። ሰው ሲጨንቀው አይሸፋፍንም። እዚያ ላይ ይሞታል፣ ታያለህ።»

እኔም እንደሚሞት አመንኩ። እንዲያውም የመቃብሩን ቦታ አሳጥሬ አስጠብቄ ነበር።

በሰባኛው ቀን ዝናቡ ያለ ጊዜው ጣለ። በሳምንቱ ወንዙ ሞላ። እትዬ ትርንጎ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ማዶ ማዶውን ስታይ ዋለች። በዘጠና ሦስተኛው ቀን ጠዋት የብርቄ ባል እየሮጠ ማዶ አፋፉ ላይ መጣና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ ምጥ ይዟታል፤ ልጁም እንደ ዝናቡ ቀድሞ መጥቷል። አዋላጇም ወዲህ ማዶ ናት፤ ማዶ ያሉት ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው።

የብርቄ ቤት ገደሉ ጫፍ ላይ ነው። መስኮቱን ከፈቱት። የብርቄን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

«እማዬ! እማዬ፣ መጣሽ?»

እትዬ ትርንጎ ወደ ውሃው አየች። ውሃው ግንድ ከነሥሩ ይዞ ያልፋል። ጋሽ መንበሩ ክንዷን ያዛት።

«እማዬ፣ መጣሽ ወይ?»

«ልመጥቻለሁ!» አለች እትዬ ትርንጎ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ። «ልመጥቻለሁ ልጄ! ልመጥቻለሁ፣ አይዞሽ!»

ማዶ ያለው ድምፅ ረጋ አለ። ልጅቱ እናቷ መንገድ ላይ ያለች መስሏት ነበር፤ በሩን በሩን እያየች እንዳማጠች በኋላ ነግራናለች። ቀትር ላይ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ባሏም አፋፉ ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት፣ እናቲቱም ደህና ናት። ወዲህ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። መዝገቤን ዘግቼ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

እትዬ ትርንጎ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጻፍ» አለች።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

«ወንዙ እየጮኸ አልሰማሁም፣ እትዬ።»

«ሰምተሃል።»

«እሺ ብሰማስ? አንቺ እኮ ስለ ቃሉ አላሰብሽም ነበር፣ ከአፍሽ አምልጦሽ ነው።»

«የሚቆጠረውስ እንደዚያ ሲሆን አይደል?» አለች። «ልጄን ዋሸኋት። ካንተ ጋር ሆኜ ደግሞ መዝገቡን አልዋሽም። ጻፍ ብዬሃለሁ።»

በጭንቅ፣ ሦስት። በአንድ እጄ እንባዬን እየጠረግኩ ስለጻፍኩት ያ መስመር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

መቶው ቀን ሲሞላ አዳራሹ ጢም አለ። ሊቀ ሪፖርት ዘርጋው አዲስ ኮት ለብሰዋል። እኔ ሦስቱን አነበብኩ። ሦስተኛውን ሳነብ ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ትርንጎ ዞረ፤ እሷ ግን ፊቷን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። መምህር ጥላዬ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ኖሯል» አሉ። ሊቀ ሪፖርት አጨበጨቡ።

ቃል ሲመዘገብ አንድ የሚቀር ሥርዓት አለ። አሳዳጊው ተነሥቶ ቃሉን በራሱ አነጋገር ይናገራል፤ የተናገረው በቃሉ ትይዩ ይጻፋል፤ የቃሉም ትርጉም እሱ ነው። ቃሉ በመጀመሪያው የሪፖርት ቀን በአዳራሹ በተነገረ ቁጥር፣ ትርጉሙ እንዳይበላሽ ጸሐፊው ተነሥቶ ያንኑ ጮክ ብሎ ያነባል። አብዛኛውን ጊዜ አሳዳጊዎች ስለ ዶሮ ወይም ስለ አየር ጠባይ አንድ ነገር ብለው ይቀመጣሉ።

እትዬ ትርንጎ ተነሣች።

«ልጄ ወንዝ ማዶ ስታምጥ፣ እማዬ መጣሽ? አለችኝ። ልመጥቻለሁ አልኳት። አልሄድኩም።»

ሊቀ ሪፖርት ፈገግ አሉ፤ ግንባራቸው ግን ወዛ። «እትዬ፣ ትንሽ አሳጠር አድርገው ቢነግሩን? ለምሳሌ ዕድገታችን ሊፋጠኗል ቢሉ።»

«ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለች። «ትልቅ ሲሆን የሚቀጠርበትን እናንተ ታውቃላችሁ። አመሉን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሊቀ ሪፖርት ወደ መምህር ጥላዬ ዞሩ። መምህሩ ተነሡ፤ እንደዚያ ቀጥ ብለው ቆመው አይቻቸው አላውቅም። «ቃሉን ስሠራው ሆዱን ጥዬው ነበር» አሉ። «እሳቸው መለሱለት። ይጻፍ።»

ጻፍኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ ሊቀ ሪፖርት ተረጋጉና ወረቀታቸውን ዘረጉ፤ ለዘጠኝ ዓመት የተጠበቀው ሪፖርት ነው።

«ክቡራን ነዋሪዎች፣ ድልድዩ ሊሠራቷል።»

ሥራዬ ነውና ተነሣሁ። «ልጄ ወንዝ ማዶ ስታምጥ፣ እማዬ መጣሽ? አለችኝ። ልመጥቻለሁ አልኳት። አልሄድኩም።» ተቀመጥኩ።

ሊቀ ሪፖርት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የውኃ መስመሩም ሊዘረጋቷል።»

ተነሣሁ። አነበብኩ። ተቀመጥኩ።

«ክሊኒኩ... ክሊኒኩ በቅርቡ ሊከፈቷል።»

በዚህኛው ብቻዬን አልነበርኩም። ከፊት ያሉት ሴቶች ከእኔ ጋር ማለት ጀመሩ፤ «አልሄድኩም» የሚለው ላይ ስንደርስ አዳራሹ በሙሉ ነበር የሚለው። ጋሽ መንበሩ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ በግልጽ ያለቅስ ነበር፤ የጣሪያውን ነገር አስታውሶም ይሆናል።

ሊቀ ሪፖርት ወረቀታቸውን አጠፉት። መልሰው ዘረጉት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲቀባ የኖረውን ግድግዳ አዩት። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት አሳዘኑኝ፤ ሰውየው አሁን የቀራቸውን አንድ ቃል ከልጅነታቸው ጀምሮ ተናግረውት የማያውቁ ነው የሚመስሉት።

«ድልድዩ» አሉ፣ «አልተሠራም።»

ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው ብቻ መጥቶ ኮታቸውን ከትከሻቸው ላይ ተቀበላቸው፤ ሌላው አካፋ አመጣ። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ያዙት፤ አያያዙን ስላላወቁበት ሰውየው አገላበጠላቸው።

እኔ መዝገቡን ስዘጋ እትዬ ትርንጎ ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ወደ ወንዙ ስትሮጥ ከኋላዋ ተከተልን፤ በዚያ ዕድሜዋ ማንም አልደረሰባትም። አፋፉ ላይ ቆመች። ማዶ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ብርቄ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቷን አላነጋገረቻትም ነበር።

«ብርቄ!» አለች እትዬ ትርንጎ። «ብርቄ፣ ስሚኝ ልጄ! ድልድዩ አልተሠራም!»

ብርቄ ብድግ አለች። ጆሮዋን ያመነች አይመስልም።

«ምን አልሽኝ እማዬ?»

«አልተሠራም! ሊቀ ሪፖርት ራሳቸው አሉት! አካፋ ይዘዋል! አልተሠራም!»

ብርቄ ሕፃኗን ለባሏ ሰጥታ በሁለት እጇ መስኮቱን ያዘች፤ ከዚያ ወንዙን የሚያሻግር እልልታዋን አቀለጠችው።